የቀለም መርጫ ሳጥን በኪራይ ቤት ውስጥ፦ ደብረ ማርቆስ ላይ እንዴት እንደሠራሁት

ትርፍ ጊዜዬን የማሳልፈው ትንንሽ የመኪና ሞዴል በመሥራት ነው። ኤንትሬ፣ ቅጥቅጥ አይሱዙ፣ አንዳንዴም አሮጌ ላንድሮቨር። ልኬቱ የእውነተኛው መኪና አንድ ሃያ አራተኛ ስለሆነ ቅጥቅጡ ከ30 ሴንቲሜትር ብዙም አይርቅም። አካሉን ከፋይዚትና ከጣሳ ቆርቆሮ አወጣለሁ፣ ስቱኮ እቀባዋለሁ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰልሰዋለሁ። እስከዚህ ድረስ ሰላም ነው። ጎረቤትም አይሰማ፣ አከራይም አይናገር። ጣጣው የሚጀምረው ቀለም ላይ ነው።

በብሩሽ ከተቀባ የብሩሹ ጭረት ይታያል። ግማሽ ሚሊሜትር የሆነች ጭረት በእውነተኛው መኪና ላይ ብትሆን 12 ሚሊሜትር ስፋት ያላት ቦይ ናት። እንዲህ ያለ አይሱዙ ማን አይቶ ያውቃል? ስለዚህ ኤርብረሽ፣ ማለትም ቀለምን በታመቀ አየር የሚረጭ ትንሽ መሣሪያ ገዛሁ፤ አፍንጫው 0.3 ሚሊሜትር፣ ከታንከር ጋር ትንሽ ኮምፕሬሰር ያለው። ኤርብረሽ ቀለሙን ጉም ያደርገዋል። ሞዴሉ ላይ የሚያርፈው ከፊሉ ነው። የተረፈው አልጋ ልብስ ላይ፣ መጽሐፍ ላይ፣ ይባስ ብሎ ሳንባ ውስጥ ይገባል። እኔ ደግሞ የምኖረው በአንዲት ክፍል ነው።

አከራዬ አንድ ማታ በሩ ላይ ቆሙ። "አንተ ልጅ፣ ምንድን ነው እንዲህ የሚሸተው?"

"ቀለም ነው እትዬ።"

"ቀለሙንስ ቀለም ነው። ቤቱን ልትቀባው ነው ወይስ ልታቃጥለው?"

የቀለሙን ጉም ስቦ ወደ ውጭ የሚያስወጣው ሳጥን የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

ያየው ሁሉ ስለ ሳጥኑ ይጠይቀኛል። ሳጥኑማ ቀላሉ ነው፤ አናጢ ሰፈር ሄዶ ኮምፔርሳቶ ማስቆረጥ ነው። ሥራው ያለው አየሩ ላይ ነው። ከየት ይገባል? በምን ፍጥነት ያልፋል? ወጥቶስ የት ይሄዳል? እነዚህ ካልተመለሱ ያማረ ሳጥን ይዞ ቀለም መተንፈስ ነው።

ስለዚህ መጋዝ ሳላነሳ በፊት ትንሽ ሒሳብ ሠራሁ። ለእንዲህ ዓይነት ሳጥን በአፉ በኩል የሚገባው አየር በሴኮንድ ግማሽ ሜትር ያህል ቢሄድ ይመከራል። ከዚያ ካነሰ ጉሙ ወደ ፊት ይመለሳል፤ እጅግ ከበዛ ደግሞ ቀለሙን ሞዴሉ ላይ ሳያርፍ ይነጥቀዋል። የኔ ሳጥን ወርዱ 60፣ ቁመቱ 50፣ ጥልቀቱ 45 ሴንቲሜትር ነው። ከላይ 15 ሴንቲሜትሩን በፕላስቲክ መስታወት ስለሸፈንኩት የቀረው አፍ 60 በ35 ነው። ይህ 0.21 ካሬ ሜትር ነው። በግማሽ ሜትር ሲባዛ፣ ከዚያ ወደ ሰዓት ሲለወጥ፣ በሰዓት 380 ኪዩቢክ ሜትር ገደማ ይመጣል። አፉን ማጥበብ ማለት አነስ ባለ ቬንቲሌተር መገላገል ማለት ነው። ሞዴሉ የሚገባበት እስካላጣ ድረስ አጥብቡት።

ቬንቲሌተሩን ፍለጋ ብዙ ለፋሁ። የኮምፒውተር ማቀዝቀዣ በየጥገና ቤቱ ሞልቷል። ነገር ግን 12 ሴንቲሜትሩ በሰዓት 100 ኪዩቢክ ሜትር አካባቢ ነው የሚገፋው፤ እሱም ከፊቱ ምንም ሳይኖር። ማጣሪያ ስታስቀምጡበት ይሽከረከራል እንጂ አየር አይስብም። ጋራዥ ያለው ጓደኛዬ ከአሮጌ መኪና የወጣ የማሞቂያ ቬንቲሌተር ሊሰጠኝ ነበር። በ12 ቮልት የሚሠራ፣ ጉልበተኛ ነገር ነው። ልቤ ከጀለው። ግን ዲናሞው ካርቦን ያለው ነው። ካርቦኑ ሲፋተግ እሳት ይረጫል። የቲነር ትነት በዚያ በኩል ካለፈ ሳጥኑ ቦምብ ነው። አመስግኜ ተውኩት።

በመጨረሻ ያገኘሁት ከፈረሰ ቤት የወጣ፣ ከምድጃ በላይ የሚሰቀል የጭስ መሳቢያ ነው። ሆድ ይሉታል ባለሙያዎቹ፤ ሁድ ለማለት ነው መሰለኝ። ሦስት ፍጥነት አለው። ጀርባው ላይ 550 ኪዩቢክ ሜትር በሰዓት የሚል ተለጥፎበታል። ይህ ቁጥር ያለ ማጣሪያና ያለ ቱቦ የሚገኝ ስለሆነ ትርፍ ያለው መያዝ ጥሩ ነው። ዲናሞው ካርቦን የለውም። ክንፎቹም እንደ ጣሪያ ቬንቲሌተር የተዘረጉ ሳይሆኑ በክብ ከበሮ ላይ የተደረደሩ ናቸው። እንዲህ ያለው ማጣሪያን ተቋቁሞ ይስባል። ይህ ሁሉ ሆኖም ለቲነር ትነት የተሠራ ዕቃ አይደለም። ስለዚህ ሳጥኑ ውስጥ የምረጨው በውሃ የሚቀጥን አክሪሊክ ብቻ ነው። ቤንዚንማ የሚባል ነገር ክፍሉ ውስጥም አይገባ።

ሽፋኑን ፈትቼ የሚሽከረከረውን ክፍል ከነቤቱ አወጣሁና ከሳጥኑ ጀርባ አሰርኩት። ማጣሪያው ከፊት፣ ቬንቲሌተሩ ከኋላ፣ በመካከላቸው 10 ሴንቲሜትር ባዶ ቦታ። ይህች ባዶ ቦታ ዋጋ አላት። ማጣሪያው ቬንቲሌተሩ ላይ ከተለጠፈ የሚስበው መሃል ለመሃል ብቻ ነው። ባዶ ቦታም ኖሮ መሃሉ ስለሚያይል ከቬንቲሌተሩ ቀዳዳ ፊት 20 በ20 የሆነች ቁራጭ ፋይዚት በአራት ብሎን አቆምኩ። አየሩ በቁራጯ ዙሪያ ለመዞር ስለሚገደድ ጥጋጥጉም ይስባል። መገጣጠሚያውን በሙሉ በሲልኮን ደፈንኩት።

ቀጥሎ መውጫ። የቤቱ ግድግዳ የኔ አይደለም፤ ጭቃ ነው፣ ቢበሱት ይረግፋል። የመስኮቱን አንድ መስታወት አውጥቼ በልኩ የተቆረጠ ላሜራ አስገባሁበት። ስለቅ መስታወቱን እመልሳለሁ። ቱቦውን ለመግዛት ሳስብ በየሱቁ ያለው ባለ 110 ፕላስቲክ ቱቦ ነበር። የመሳቢያው አፍ ግን 150 ሚሊሜትር ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ በስፋት ሲሰላ ግን 110 የ150ን ግማሽ ትንሽ ቢያልፍ ነው። ግማሹን ጉሮሮ አንቆ ተንፍስ ማለት አይሆንም። አሸንዳ የሚሠራ ላሜራ ቤት ሄድኩና ባለ 15 ሴንቲሜትር ቱቦ አስጠቀለልኩ። ሰውየው "ለጠላ ቤት ጭስ ነው?" አለኝ። ለአይሱዙ ነው ብለው ማን ያምነኛል? አዎ አልኩት።

ቱቦው አጭርና ቀጥ ያለ ይሁን። እያንዳንዱ ጎሚቶ፣ ማለትም የቱቦ መታጠፊያ፣ ጉልበት ይበላል። እኔ አንድ ብቻ ነው ያስገባሁት፤ እሱም ከመስኮቱ ውጭ ወደ መሬት የሚያይ ነው። ዝናብ እንዳይገባና ነፋስ ፊት ለፊት እንዳይመታው ነው። አፉ ላይ ለወፍና ለአይጥ ወንፊት ሽቦ አለው።

እዚህ ላይ የነፋስ ነገር ይነሳ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ላይ ናት፤ ነፋሷም አይታማም። ነፋስ በቀጥታ ወደሚመታው ግድግዳ ቱቦ ካወጣችሁ የላካችሁት ጉም ተመልሶ ፊታችሁን ይጎበኛል። ቱቦው የሚወጣበትን መስኮት ከመምረጤ በፊት ፌስታል ቆርጬ ሁለቱም መስኮት ላይ አንጠለጠልኩና ለጥቂት ቀን አየሁት። ጸጥ ያለው የጓሮው ሆነ። ከፍታው ሌላም ነገር አለው፤ አየሩ ስለሚሳሳ ኮምፕሬሰሩ ታንከሩን ለመሙላት ቆላ ካለው ይልቅ ይዘገያል። ተበላሸ ብላችሁ አትፍቱት።

የጓሮው መስኮት ግን የራሱ ባለቤት አለው። እትዬ በርበሬ የሚያሰጡት እዚያው ነው። ሰሌኑ ተዘርግቶ፣ የቡሬ በርበሬ ቀልቶ፣ በላዩ ላይ የአይሱዙ ሰማያዊ ሲነፋበት አስቡት። ማጣሪያው ብናኙን እንደሚይዝ በሶፍት አሳየኋቸው፤ ከቱቦው አፍ ስር ይዤው ነጭ ሆኖ ተመለሰ። ሶፍቱን ገለበጡት፣ አሸተቱት። "እሽ፣ አይታይም ማለት የለም ማለት ነው?" ለዚህ መልስ አልነበረኝም። ደግሞም ልክ ናቸው። ስምምነታችን ይህ ነው፦ በርበሬ፣ ብቅል ወይም ልብስ ጓሮ ካለ አይረጭም። ማታ፣ ሁሉም ከገባ በኋላ ጓሮው የኔ ነው።

አሁን ወደ መግቢያው። ብዙ ሰው የማያስበው ይህን ነው። ቬንቲሌተር የሚያስወጣውን ያህል አየር ከሆነ ቦታ መግባት አለበት። የኔ ክፍል 39 ኪዩቢክ ሜትር ገደማ ነው። በሰዓት 380 ከወጣ በየስድስት ደቂቃው የክፍሉ አየር በሙሉ ይቀየራል ማለት ነው። በሩን ጥርቅም አድርጎ ዘግቶ ይህን መጠበቅ ዘበት ነው፤ ቬንቲሌተሩ ይጮኻል እንጂ አይስብም። በሬ ከጀርባዬ ስለሆነ አንድ ስንዝር ገርበብ አደርገዋለሁ። አየሩ ከኋላዬ ይመጣል፣ በጎኔ ያልፋል፣ ሳጥኑ ውስጥ ይገባል። በሩ በጎን ቢሆን ኖሮ አየሩ ጉሙን ያወዛውዘው ነበር።

ያ አየር በታኅሣሥ ማታ አጥንት ይሰብራል። ጋቢ መደረብ ያምራል፤ ግን ጋቢ የጥጥ ብናኝ ያራግፋል፣ ብናኙም እርጥብ ቀለም ላይ ነው የሚያርፈው። ጃኬት ልበሱ። አቧራ እንዳይነሳም ከመጀመሬ በፊት ወለሉ ላይ ውሃ አርከፈክፋለሁ።

ሳጥኑ ይስብ አይስብ የምፈትነው በዕጣን ነው። ቀለምም ቲነርም ከክፍሉ ካወጣሁ በኋላ ማጨሻው ላይ ፍም አድርጌ፣ ቆንጠር ያለ ዕጣን ጣል አድርጌ ከሳጥኑ አፍ ፊት እይዘዋለሁ። መሃል ላይ ጭሱ ተኝቶ ቀጥ ብሎ ወደ ማጣሪያው ይሮጣል። ከዚያ ወደ ጥጉ አመጣዋለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ግራ ታችኛው ጥግ ላይ ጭሱ ይገባና ይጠቀለላል፣ ጠርዙን ተከትሎ ደግሞ ወደኔ ይመለሳል። ፋይዚቷን ሁለት ጣት ያህል ወደ ቀኝ ሳስጠጋት ጠፋ። በመሣሪያ ብለካው ኖሮ ቁጥር ይሰጠኝ ነበር እንጂ ጥጉን አያሳየኝም።

ማጣሪያው ለትራስ የሚሞላው ነጭ ፋይበር ነው፤ ሁለት ሴንቲሜትር ያህል ውፍረት፣ በሁለት የሽቦ ወንፊት መካከል። ከፊት ለፊቱ ቀጭን ስፖንጅ አለ። ስፖንጁ ብዙውን ቀለም ስለሚይዝ ቶሎ ቶሎ የሚቀየረው እሱ ነው። መቼ? የዕጣኑ ጭስ መዘግየት ሲጀምር። አንድ ወዳጄ ለሽታው ከሰል ክተትበት ብሎኝ ነበር። የማድቤት ከሰል ሽታ የመያዝ አቅሙ ትንሽ ነው፤ አቧራው ይብሳል። ለዚህ የሚሆነው በልዩ መንገድ የተዘጋጀ ከሰል ነው።

መብራት። ነጩን የኤልኢዲ ጥቅልል ከሳጥኑ ውጭ፣ ከፕላስቲክ መስታወቱ በላይ ለጠፍኩት። ውስጥ ካለ ቀለም ይለብሳል፣ ሽቦም ትነት ውስጥ አይገባም። ሞዴሉ የሚቆምበት ከጋራዥ የተጣለ ኩሽኔታ ላይ የተጣበቀ ክብ ጣውላ ነው። በጣት ሲነኩት ይዞራል። ከዕቃው ሁሉ ርካሹ እሱ ነው፤ እጄን ያሳረፈኝም እሱ ነው።

ቀለሙን ወተት እስኪመስል አቀጥነዋለሁ፣ በስቶኪንግ አጠልለዋለሁ፣ ግፊቱን ወደ 1.5 ባር አደርጋለሁ። በክረምት የታመቀው አየር ውሃ ያወጣል፤ ውሃው በአፍንጫው ከመጣ ቀለሙ ላይ ነጠብጣብ ይጥላል። የውሃ መያዣ ገጥሜያለሁ፣ ታንከሩንም በየጊዜው ከስር እከፍተዋለሁ። መብራት ሲጠፋ ታንከሩ ውስጥ የቀረ አየር ስላለ ኤርብረሹ ይረጫል፤ ቬንቲሌተሩ ግን ቆሟል። ያኔ እጅ ከማስፈንጠሪያው ላይ ይነሳ።

ሳጥኑ ጭምብልን አይተካም። ነጠላ ማጣፋትም ሆነ የኮሮና ጊዜው ማስክ ትነት አያስቆምም። የምጠቀመው ሁለት ጎን ማጣሪያ ያለውን፣ ለትነት የተሠራውን ነው። ጋራዥ ውስጥ ከማጠንከሪያ ጋር የሚቀላቀለው የመኪና ቀለም ግን ጭምብልም ተደርጎ ቤት ውስጥ አይረጭም፤ ማጠንከሪያው አስም ያመጣል።

የቀረኝ የላከር ቫርኒሹ ነው። ቲነር ስላለው ሳጥኑ ውስጥ አላስገባውም። ነፋስ ሳይነሳ ማለዳ ጓሮ ወጥቼ እረጨዋለሁ። እስኪደርቅ ደግሞ ካርቶን እደፋበታለሁ፤ አለበለዚያ የእትዬ ዶሮዎች አቧራ ያለብሱታል።