የላይብረሪ ሠራተኛ ስልጠና ከፎርሙ ይጀምር

ሰሜን ቨርጂንያ ውስጥ አንድ የሕዝብ ላይብረሪ የፊት ጠረጴዛ ላይ ነው የምሠራው። ካርድ አወጣለሁ፣ መጽሐፍ አበድራለሁ፣ የኢሚግሬሽን ፎርም ፕሪንት ሊያደርግ የመጣን ሰው ማሽኑ ጋ ወስጄ አሳያለሁ። እዚህ አገር እንደ እኔ ያለ ሠራተኛ በየጊዜው “ዲ ኢ አይ” የሚባለውን ስልጠና ይወስዳል። በአማርኛ ፍትሐዊነት፣ ብዝኃነትና አካታችነት እንበለው። ስለዚህ ስልጠና ብዙ ተብሏል። አንዱ ጊዜ ማባከኛ ነው ይላል፣ ሌላው ያለ እሱ ሥራ የሚቆም ይመስለዋል። እኔ ያስፈልጋል ባይ ነኝ። ግን የሠራተኛውን አመለካከት ብቻ እየነካካ ፎርሙንና ደንቡን እንዳለ ትቶ የሚያልፍ ከሆነ ለተገልጋዩ ጠብ የሚል ነገር የለውም።

ለምን እንዲህ እንደምል ለማስረዳት የቨርጂንያዋን አሌክሳንድሪያን ላንሳ። ብዙዎቻችን የምንኖርባት፣ ከተማ አስተዳደሩ መረጃ በአማርኛ ጭምር የሚያወጣባት አሌክሳንድሪያን። ኦገስት 21 ቀን 1939 (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) አምስት ጥቁር ወጣቶች ኩዊን ስትሪት ላይ ወዳለው የከተማዋ ላይብረሪ ገቡ። ተራ በተራ ካርድ ጠየቁ፣ ተራ በተራ ተከለከሉ። ከዚያ እያንዳንዳቸው ከመደርደሪያው አንድ መጽሐፍ አንስተው፣ የተለያየ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው፣ ድምፅ ሳያሰሙ ማንበብ ጀመሩ። ፖሊስ ተጠራና ተያዙ። የተከሰሱት ሥርዓት በማደፍረስ ነው፤ ላይብረሪ ውስጥ ዝም ብሎ ማንበብ ማለት ነው!

ይህን ያቀናበረው ሳሙኤል ታከር ነው፤ የ26 ዓመት ጠበቃ፣ የዚያው አካባቢ ልጅ። ከተማዋ ግን በሩን አልከፈተችም። በ1940 ለጥቁሮች ብቻ የሚሆን ሌላ ትንሽ ላይብረሪ ሠራች። ታከር የዚያኛው ላይብረሪ ካርድ ሲሰጠው አልቀበልም ብሎ ጻፈ። የወጣቶቹ ክስ በፍርድ ቤት የተሰረዘው በ2019 ነው፣ ከ80 ዓመት በኋላ። ያ የጥቁሮች ላይብረሪ የነበረው ቤት ዛሬ የአሌክሳንድሪያ የጥቁሮች ታሪክ ሙዚየም ሆኗል። ልጆች ያላችሁ ይዛችኋቸው ሂዱ።

ይህን ታሪክ ባሰብኩ ቁጥር ዓይኔ የሚያርፈው ጠረጴዛው ጋ የቆመው ሠራተኛ ላይ ነው። ያ ሰው ደግ ይሁን ክፉ ለነዚያ ወጣቶች ለውጥ አልነበረውም። ደንቡ ለነጭ ብቻ ይላል፣ በቃ። ፈገግ ብሎም መከልከል ይቻላል። በጣም ትሁት ሆኖ፣ ይቅርታ እየጠየቁም ይቻላል።

ዛሬ እንዲያ ያለ ደንብ የለም። ነገር ግን ማንም አይሆንም ሳይለው ሰው ባዶ እጁን የሚመለስበት መንገድ ሞልቷል። ለእኛ ሰው የመጀመሪያው ስም ነው።

አንዲት እናት ሁለት ልጆቿን ይዛ መጣች እንበል። እሷ አልማዝ ተሰማ ናት፣ ልጆቹ ሄኖክ በቀለና ሶስና በቀለ። እኛ ዘንድ ይሄ ጥያቄም አያስነሳም። ሠራተኛው ግን ፎርሙን አይቶ ላስት ኔማችሁ ለምን ተለያየ፣ አሳዳጊያቸው ነሽ ወይ፣ ማስረጃ አለሽ ወይ ይላታል። ልጆቿ ፊት። ቀጥሎ መጽሐፍ ታስይዛለች። ደርሷል የሚል መልእክት ይመጣላትና የተያዙ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ በስሟ ትፈልጋለች፣ የለም። መጽሐፉ ያለው በአባቷ ስም፣ ተሰማ የሚል ወረቀት ተሰክቶበት ሌላው ጫፍ ላይ ነው። ስንቷ ተመልሳ ሄዳለች። አንዳንዷ ደግሞ ድጋሚ አትመጣም፣ እኛም ለምን እንደቀረች አናውቅም።

የሚገርመው ካታሎግ (የላይብረሪውን የመጻሕፍት መዝገብ) የሚሠሩ ሰዎች ይህን ጉዳይ ድሮ ፈትተውታል። የኢትዮጵያዊ ደራሲ ስም አይገለበጥም፣ በራሱ ስም ነው የሚመዘገበው፣ የአባቱ ስም ይከተላል፤ የካታሎግ ደንቡ እንዲህ ነው የሚለው። ስለዚህ በአንድ ሕንፃ ውስጥ መጽሐፉን የጻፈው ሰው ስሙ በትክክል ተይዞለታል፣ መጽሐፉን የሚዋሰው ሰው ስም ግን ተገልብጧል። ይህን ስልጠና ላይ ሳነሳ የሥራ ባልደረቦቼ ደነገጡ። ማንም ነግሯቸው አያውቅም።

የልደት ቀንም አለ። በስደተኝነት የመጡ ስንት ሰዎች አሉ የልደታቸው ቀን በትክክል ስላልታወቀ ወረቀታቸው ላይ ጃንዋሪ 1 የተጻፈባቸው። ልደታቸውን በትክክል የሚያውቁ፣ ግን ከእኛ ዘመን አቆጣጠር ሲገለበጥ የተዛባባቸውም አሉ። በስምና በልደት ቀን ፈልገህ አንዱን መሐመድ አሊ ከሌላው መሐመድ አሊ ጋር የምታምታታው እዚህ ጋ ነው። የሌላ ሰው መጽሐፍ ጠፋ ተብሎ አንተ ካርድ ላይ ዕዳ ይመዘገባል።

አሁን ወደ ስልጠናው ልመለስ። ደካማው ዓይነት ምን እንደሚመስል ሁላችሁም ቢሮ የምትሠሩ ታውቃላችሁ። ኦንላይን ነው፣ ስላይድ ታሳልፋለህ፣ መጨረሻ ላይ መልሱ የታወቀ ጥያቄ ትመልሳለህ፣ ሰርተፊኬት ይወጣልሃል። ማንም ክፉ አልሠራም። ጠረጴዛው ላይ ግን ምንም አልተቀየረም።

ጥሩ ስልጠናም አይቻለሁ። አሰልጣኟ ለእያንዳንዳችን አንድ ፖስታ ሰጠችን። ውስጡ የአንድ ሰው ወረቀቶች ናቸው፤ የሥራ ፈቃድ፣ የውጭ አገር ፓስፖርት፣ የስልክ ቢል፣ ወይም ከነዚህ አንዱ ብቻ። በሉ በዚህ ወረቀት ከራሳችሁ ላይብረሪ ካርድ አውጡ አለችን። የእኔ ባልደረባ የደረሰው ፖስታ የሰው ቤት ቤዝመንት ተከራይቶ የሚኖር ሰው ነው። ሊዝ (የኪራይ ውል) የለውም፣ መብራቱም ውኃውም በአከራዩ ስም ነው። የእኛ ፎርም ደግሞ የአድራሻ ማረጋገጫ ይላል። ባልደረባዬ ወረቀቶቹን አገላብጦ፣ ደንቡን አንብቦ፣ እንደገና አገላብጦ፣ ይሄ ሰውዬ ካርድ ማውጣት አይችልም አለ። ለብዙ ዓመት እዚያ ጠረጴዛ ላይ የሠራ ሰው ነው። ሀበሻ ስንት ሰው እንደዚያ እንደሚኖር እኔ ነግሬያቸዋለሁ፤ መጀመሪያ ስንመጣ አብዛኞቻችን እንደዚያ ነው የኖርነው። ከዚያ ውይይት በኋላ ደንቡ ተሻሻለ። አድራሻ ማረጋገጫ የሌለው ሰው ባለው አድራሻ ፖስት ካርድ ይላክለታል፣ ፖስት ካርዱን ይዞ ሲመጣ ካርዱ ይሰጠዋል። እኔ ስልጠና የምለው ይህን ነው።

የቅጣቱን ነገርም እዩት። የአሜሪካ ላይብረሪ ማኅበር በጃንዋሪ 2019 የዘገየ መጽሐፍ ቅጣት ድሃውን ለይቶ የሚጎዳ ነው ብሎ ውሳኔ አሳለፈ። ቺካጎ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ቅጣት አስቀረች፣ ኒው ዮርክ በ2021፣ ሁለቱም የቆየውን ዕዳ ጭምር ሰርዘው። ልጅ ካርዱ የሚዘጋው እናቱ ሁለት ሥራ ስለምትሠራ መጽሐፉን በቀኑ መመለስ ስላልቻለች ነበር። ስለ አካታችነት ስንት ሰዓት ቢወራ ያንን የተዘጋ ካርድ አይከፍተውም፤ የተከፈተው ደንቡ ሲቀየር ነው።

ቋንቋ ላይ አንድ ነገር ልበል። ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አውጥታለች፣ አማርኛም የመንግሥት አገልግሎት ከሚሰጥባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ብዙ ላይብረሪዎች በስልክ አስተርጓሚ የማግኘት ውል አላቸው። ሠራተኛው ግን ስልክ ቁጥሩ የት እንደተለጠፈ አያውቅም፣ ቢያውቅም ደውሎ አያውቅም። ስለዚህ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ለእናቱ ያስተረጉማል። ስለ ጠፋ መጽሐፍ ዕዳ፣ ስለ አድራሻ፣ አንዳንዴም ስለ ኢሚግሬሽን ወረቀት። ይህ ልጅ ላይ መጫን የሌለበት ሸክም ነው። ስልጠናው ላይ ሁሉም ሠራተኛ ያንን ቁጥር አንዴ ደውሎ ይሞክር። ከዚህ ቀላል ነገር የለም።

እኛም ራሳችን መስማት ያለብን አለ። ሐበሻ መልክ ያለው ሰው ሲገባ በአማርኛ የምናዋራው ስንቶቻችን ነን? አማርኛ አፉን ያልፈታበት ኦሮሞ፣ ትግሬ፣ ሲዳማ ሊሆን ይችላል፤ ኤርትራዊም ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ በእንግሊዝኛ ሰላም ብሎ ምን ቋንቋ ይመቾታል ብሎ መጠየቅ ምንም አያስከፍልም። መደርደሪያችንም እንደዚሁ ነው። ፊደሉ አንድ ስለሆነ የትግርኛ መጽሐፍ አማርኛው መሀል ተደርድሮ አገኛለሁ፣ የኦሮምኛው ደግሞ በላቲን ስለሚጻፍ የት እንደሚቀመጥ የሚያውቅ የለም። ፊደሉን የምናነብ ሰዎች ካላስተካከልነው ማን ሊያስተካክለው ነው?

በ2025 መጀመሪያ ላይ የፌዴራል መንግሥቱ በዲ ኢ አይ ፕሮግራሞች ላይ ከዘመተ ወዲህ ብዙ ቦታ የስልጠናው ስም እየተቀየረ ነው፣ የቀረበትም አለ። በማርች ደግሞ ለላይብረሪዎች የፌዴራል ድጋፍ የሚያከፋፍለው ተቋም እንዲመነምን የሚያዝ የፕሬዚዳንት ትእዛዝ ወጣ። ያሳዝነኛል፣ ያሳስበኛልም። ግን ስሙን ምንም በሉት፤ የአድራሻ ማረጋገጫውን ደንብ ለማሻሻል፣ የስም ፎርሙን ለማስተካከል፣ አስተርጓሚ ለመደወል ያ ስም የግድ አያስፈልግም። ተገልጋይን በአግባቡ ማስተናገድ ይባል።

እናንተ ከጠረጴዛው ወዲያ ያላችሁ ደግሞ እንዲህ አድርጉ። ስማችሁ ተገልብጦ ከተመዘገበ መጠሪያ ስሜ ይሄ ነው ብላችሁ አስመዝግቡ፤ በብዙ ቦታ ሲስተሙ ለዚያ የተለየ ቦታ አለው። የምትፈልጉት የአማርኛ፣ የትግርኛ ወይም የኦሮምኛ መጽሐፍ ከሌለ ይገዛልኝ የሚለውን ፎርም ሙሉ። ሰው ያነበዋል፣ እውነቴን ነው። ቅር ያላችሁ ነገር ካለም የላይብረሪው ቦርድ ስብሰባ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ቀኑ ዌብሳይቱ ላይ አለ፣ መናገር የሚፈልግ ስሙን ያስመዘግባል።