በአሮጌ ሃርድቶፕ ኋላ የልጆች ወንበር ስገጥም፦ እስካሁን የደረስኩበት

ባለፈው ዓመት ከጨረታ አንድ አሮጌ ላንድክሩዘር ሃርድቶፕ አነሳሁ። በፈረንጅ 1993 የተሠራ፣ ባለ 75 ሞዴል። ሞተሩ ያው የምታውቁት 1ኤችዜድ ነው፤ 4.2 ሊትር ናፍጣ። በእሱ በኩል ቅሬታ የለኝም። ከፊትም ከኋላም ባልስትራ (ድርብርብ የብረት ስፕሪንግ) ስለሆነ ጉድጓድ ሲያገኝ ጥርስ ያንገጫግጫል። እሱንም ለምደነዋል። ያስቸገረኝ ኋላው ነው። ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት የጎን አግዳሚዎች አሉት፤ ቀበቶ የሚባል ነገር ግን የለም። የመስክ ሠራተኛ ጭኖ ገጠር ለገጠር እንዲዞር የተሠራ መኪና ነው። እኔ የምጭነው ደግሞ የ7 ዓመት ሴት ልጅና የ3 ዓመት ወንድ ልጅ።

እናቴ ነገሩን ስትሰማ ሳቀች። "እናንተን አይሱዙ ላይ ከጤፍ ጆንያ ጋር ጭኜ አይደል ያሳደግኋችሁ?" አለች። እውነቷን ነው፣ መልስ አልነበረኝም።

መጀመሪያ ያሰብኩት ቀላሉን ነበር፤ አግዳሚዎቹ ላይ የወገብ ቀበቶ ገጥሜ መገላገል። የሕፃን ወንበሩን መመሪያ ሳነብ ግን ወደ ጎን በሚያይ መቀመጫ ላይ ፈጽሞ አይታሰርም ይላል። ትንሽ ሲያስቡት ግልጽ ነው። መኪናው ድንገት ሲቆም ልጁ የሚወረወረው በጎኑ ነው። ወገቡ ታስሮ ይቀራል፣ ጭንቅላቱና አንገቱ ይሄዳሉ። ስለዚህ አግዳሚዎቹ ወጡ።

በማግስቱ አዲስ አበባ ያለው የመኪና መለዋወጫ ገበያ፣ ሶማሌ ተራ ሄድኩ። ግማሽ ቀን ዞሬ የ80 ላንድክሩዘር የመሃል ወንበር አገኘሁ፤ የወሰድኩት ሁለት ሰው የሚይዘውን ክፍል ብቻ ነው። ሃርድቶፕ ከኋላ የጎን በር ስለሌለው ልጆቹ የሚገቡት በጀርባ በር ነው። ወንበሩ ወለሉን ከጫፍ ጫፍ ከሞላው መተላለፊያ አይኖርም። መኪና ቢገለበጥም በየት እንደሚወጡ ማሰብ አለብኝ።

እዚህ ድረስ ደስ ይል ነበር። ከዚያ ሞኬቱን ገለጥኩ።

ከሾፌሩ ወንበር ጀርባ ያለው ወለል ከላይ ቀለሙ ጥሩ ነው። በካቻቢቴ ጫፍ ነካ ሳደርገው ግን "ጭስስ" ብሎ ገባ። እንደ ደረቀ ዳቦ። ካቻቢቴውን ሳወጣ በቀዳዳው የጋራዡ አፈር ታየኝ። ከዓመታት በፊት አንድ ሰው ውሃ የቋጠረ ሞኬት ላይ ሌላ ሞኬት ደርቦበት ኖሯል።

ከእኔ በፊት ወንበር ሊገጥም የሞከረም ነበር። ብሎኖቹን በቀጥታ ስሱ ላሜራ ላይ በይዶ አቁሟቸዋል። አንዱን በእጄ ወዘወዝኩት፣ ከነላሜራው ተነቅሎ መጣ። መቼም ሰውየው ክፉ አስቦ አይደለም። ወንበር እንዳይንቀሳቀስ መያዝና ሰው ሲወረወር መያዝ የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን አላሰበም።

ማታ ቁጭ ብዬ አሰላሁት። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰውነት በግማሽ ሜትር ውስጥ ቢቆም፣ የሚያርፍበት ኃይል የክብደቱን 20 እጥፍ ይጠጋል። ልጄ 22 ኪሎ ናት። ስለዚህ ለዚያች ቅጽበት ቀበቶው 440 ኪሎ ገደማ ሊይዝ ነው። ካቻቢቴ የሚበሳው ወለል ላይ።

ሦስት ቅዳሜ የሄደው ለወለሉ ነው። የበሰበሰውን ቆርጠን አወጣን፤ በ2 ሚሊ ላሜራ ተበየደ፤ ጸረ ዝገት ተቀባ። ብሎን በሚያልፍበት ቦታ ሁሉ ከስር 10 በ10 ሴንቲ የሆነ የ4 ሚሊ ብረት አስገባን። ሮንዴላ ብቻውን ላሜራውን ቀዶ ያልፋል፤ ሰፊው ብረት ግን ጉልበቱን ያከፋፍላል። ትራፓኖ ከመያዛችሁ በፊት ግን ተኙና ከስር እዩ። እኔ ምልክት ካደረግኩባቸው ቀዳዳዎች አንዱ የሚወርደው ፍሬን ቱቦው ላይ ነበር።

ብሎንም ዝም ብሎ ብሎን አይደለም። የቀበቶ ብሎን በብዙ መኪኖች 7/16 ኢንች ነው፣ ጥርሱ ደቃቅ። ሱቅ ስትጠይቁ "12 ቁጥር ያው ነው" ይሏችኋል። ያው አይደለም፤ 7/16 ማለት 11.1 ሚሊ ነው። ዳዶው ውስጥ በግድ ከዞረ ጥርሱን በልቶታል ማለት ነው። ወንበሩን ራሱን ለማሰር ደግሞ ጭንቅላታቸው ላይ 8.8 (የጥንካሬ ደረጃ ነው) የተጻፈባቸውን ብሎኖች ገዛሁ። ምንም ያልተጻፈበትን ለመደርደሪያ ተጠቀሙበት።

አሁን ወደ ቀበቶው። የወገብ ቀበቶ ብቻ ለትልቋ አይበቃም። በቡስተር (ልጅን ከፍ የሚያደርግ ተደራቢ መቀመጫ) ከፍ ብላ የምትቀመጥ ልጅ በትከሻዋም የሚያልፍ ቀበቶ ያስፈልጋታል። የእኔ መኪና ላይ ለኋላ ሰው የትከሻ ማሰሪያ ቦታ የለም። ከወንበሩ ጀርባ በወፍራም ቱቦላሬ ቅስት አሠራሁ፤ ከወለሉም ከጎን የአካሉ አጥንቶችም ጋር በብሎን ታስሯል። በዚህ ላይ ሐቁን ልናገር። ይህ ፋብሪካ ገጭቶ የፈተነው ነገር አይደለም። ከነበረው እጅግ ይሻላል፣ ከአዲስ መኪና ያንሳል። እኔም የምነዳው ይህን እያሰብኩ ነው።

ቀበቶዎቹን አሮጌ ነው የገዛሁት፣ ግን ሙሉ በሙሉ ስቤ እያየሁ። አንዱ ስቤ ስጨርሰው ጫፉ አካባቢ ጠጉር አውጥቶ ተጨማዷል። አንድ ጊዜ በግጭት ሰው የያዘ ቀበቶ ነው፤ መለስኩት። ጥሩዎቹን ገጥሜ ስጨርስ ደግሞ አንዱ አልሳብ አለ። ንቅንቅ የለም። "ተበላሽቶ ነው የሸጠልኝ" ብዬ ሻጩን ስረግም ዋልኩ። ፈትቼ በእጄ ቀጥ አድርጌ ስይዘው ስስስ እያለ ይሳባል። ትንሽ ሳዘነብለው ቀጥ። ለካ ጥቅልሉ ውስጥ መኪናው ሲያዘነብል ወይም ሲፈርን የሚነቃ መቆለፊያ አለ። እኔ አጋድሜ ስለገጠምኩት የተገለበጠ መኪና ውስጥ ያለ መስሎት ነው። መደገፊያውን አስተካክዬ በይድኩት፣ ሰላም ሆነ። ሻጩን በሆዴ ይቅርታ ጠየቅኩት።

የትንሹን ወንበር እህቴ ከአሜሪካ ስትመጣ ይዛልኝ መጣች። ያገለገለ ነው፣ ግን ስሩ ላይ የታተመው ማብቂያ ቀን ገና አልደረሰም፤ ግጭትም አላየም። እዚያ አገር የኋላ ቀበቶ እስከ መጨረሻው ሲሳብ ራሱን ይቆልፋል። የእኛው አሮጌ ቀበቶ የሚይዘው ሲነጠቅ ብቻ ስለሆነ ወንበሩን ስወዘውዘው ላላ። መፍትሔው በእንግሊዝኛው ኤች ፊደል ቅርጽ የተሠራች ትንሽ ብረት ናት፤ ሁለቱን የቀበቶ ገመድ አንድ ላይ ትነክሳለች። አሁን ቀበቶው በሚያልፍበት ቦታ ይዤ ስገፋው ከ2 ሴንቲ በላይ አይሄድም።

ወንበር ከሚያለብሰው ታፒሴሪ ጋር ትንሽ ተከራከርን። እሱ "ለልጆች አይደል? ለስለስ ይበል" ብሎ ወፍራም ለስላሳ ስፖንጅ ሊሞላበት ነበር። እኔ ጠንካራውን መረጥኩ። ልጅ ስፖንጅ ውስጥ ከሰመጠ ሲፈርን ከቀበቶው ስር ሾልኮ ይወርዳል፤ ቀበቶው ከዳሌ አጥንት ወደ ሆድ ይወጣል። ልብሱን የሚታጠብ ሌዘር አደረግኩት። ፀሐይ ላይ ያቃጥላል። ግን በየጊዜው ትውከት የጠረገ ሰው ምርጫዬን ይረዳኛል።

ባለፈው እሑድ እስከ ደብረ ብርሃን፣ 130 ኪሎ ሜትር ሞከርነው። ሸኖ ላይ ቆመን ብሎኖቹን በሙሉ በኪያቤ ነካካሁ፤ አንድ ብቻ ሩብ ዙር ወሰደ። ትልቋ ድሮ ሸኖ ሳንደርስ ነበር የሚያዞራት። አሁን ፊቷን ወደ ፊት አድርጋ መንገዱን ስለምታይ ይመስለኛል ደህና ዋለች። "አባዬ፣ ከብቶቹን ቀድሜ አየሁ" እያለች አደነቆረችኝ። ትንሹ ተኛ፤ ጭንቅላቱ ግን ወደ ፊት ይወድቅ ነበር። ቤት ስንመለስ የወንበሩን ጀርባ ሁለት ጥርስ አጋደምኩለት።

የቀረኝ ብዙ ነው። ቅስቱ ኮረኮንች ላይ ይንጫጫል፣ ጎማ ላስገባበት ነው። ሊብሬው ላይ ያለው የሰው ብዛት አሁን ካለው ወንበር ጋር አይገጥምም፤ ከቦሎ በፊት ማስተካከል አለብኝ። የጀርባ በሩ ደግሞ ለትንሹ በጣም ከፍ ይላል። የሚታጠፍ መርገጫ እስካሠራ ድረስ የለስላሳ ሳጥን ገልብጬ አቆምለታለሁ። እሱ ላይ ወጥቶ በገዛ እጁ ካልገባ አያስነካንም።