የማይከፈተው የወረቀት ልብ

የሰባት ዓመት ልጆች ክፍል ነው፤ ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ። የሚሠራው የዴንማርክ የገና ልብ ነበር፤ ቀይና ነጭ ወረቀት ተጠላልፎ የሚሠራ፣ ዛፍ ላይ የሚንጠለጠል ትንሽ ኪስ። መምህርቷ የመጀመሪያውን 10 ደቂቃ ስለ ዴንማርክ ገና ስታወራ ልጆቹ መቀሱን ሲያዩ ነበር። ሃያኛው ደቂቃ ላይ ከየጠረጴዛው አንድ ዓይነት ድምፅ ተነሣ፦ «ቲቸር፣ ተቀደደብኝ!» ቀሪው ጊዜ ፕላስተር በመለጣጠፍ አለቀ። ሳይቀደድ የተጠናቀቀውም ቢሆን ልብ መሰለ እንጂ አልተከፈተም። ከረሜላ የሚገባበት አፍ የለውም።

ጥፋቱ የልጆቹ እጅ አልነበረም። ወረቀቱ 6 ሴንቲ ሜትር ስፋት ነበረው፤ ስንጥቁም ልክ 6 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ተቆረጠ። በሒሳብ ትክክል ይመስላል። ነገር ግን እያንዳንዱ ጣት (ወረቀቱ ሲሰነጠቅ የሚወጣው ቀጭን ቁራጭ) ድርብ ወረቀት ነው፤ በሌላው ውስጥ ሲያልፍና ሌላውን ሲያቅፍ ውፍረቱ ቦታ ይበላል። ስለዚህ ሁለቱ ጣቶች ተደላድለው ይገባሉ፣ ሦስተኛው ቦታ ያጣል፣ ልጁ ይስባል፣ ወረቀቱ ከስንጥቁ ጫፍ ይቀደዳል። ስንጥቁ ከስፋቱ 1 ሴንቲ ሜትር መብለጥ አለበት።

የሚሠራው ልክ ይህ ነው። ኤ4 ወረቀት በአጭሩ ጎን በኩል 6 በ21 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ሲቆረጥ አራት ቁራጭ ይወጣል፤ ከተረፈው 1.5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው ሦስት ማንጠልጠያዎች ይገኛሉ። ለ30 ልጅ ከየቀለሙ 8 ወረቀት ይበቃል፤ 9 ቢሆን ግን ለሚበላሸው መጠባበቂያ ይሆናል። ቀዩም ነጩም ቁራጭ ለሁለት ይታጠፋል፤ ክፍት የሆነው ጫፍ እንደ ግማሽ ክብ ይከረከማል፤ ከእጥፋቱ በኩል 7 ሴንቲ ሜትር የሚገቡ ሁለት ስንጥቆች በ2 ሴንቲ ሜትር ርቀት ይቆረጣሉ። ሦስት ጣት ወጣ ማለት ነው። ለአምስት ዓመት ልጅ አንድ ስንጥቅ በቂ ነው። ስንጥቁ በእርሳስ ቀድሞ ይሰመር፤ በዓይን ግምት የተቆረጠ ጣት አንዱ ሲወፍር ሌላው ይቀጥናል፣ ልቡም ይጣመማል። ወረቀቱ ከተራ የፎቶ ኮፒ ወረቀት ትንሽ ጠንከር ያለ ይሁን። ካርቶን ግን አይታጠፍም።

ግራ እጁን የሚጠቀም ልጅ በቀኝ እጅ መቀስ ሲቆርጥ ምላጮቹ ስለሚራራቁ ወረቀቱ መሃላቸው ይታጠፋል። ያ ልጅ ሰነፍ አይደለም፤ የግራ እጅ መቀስ ይፈልጋል።

አሁን የማይከፈተው ልብ። ልጆች ምንጣፍ እንደሚጠለፍ ከላይ ከታች፣ ከላይ ከታች ያደርጉታል። የዚህ ልብ አሠራር ሌላ ነው፤ ጣቱ ወይ በሌላው ጣት ሁለት ንብርብሮች መሃል ይገባል፣ ወይ ራሱ ተከፍቶ ሌላውን ያቅፋል። በቃል የሚያዘው «ግባ፣ እቀፍ፣ ግባ» ተብሎ ነው። ሁለተኛው ጣት ይገለብጠዋል፦ «እቀፍ፣ ግባ፣ እቀፍ»። ሦስተኛው እንደ መጀመሪያው። እያንዳንዱ ጣት ካለቀ በኋላ ወደ ስንጥቁ ጥግ ተገፍቶ ይጠጋል፤ ይህ ከተረሳ 7 ሴንቲ ሜትሩም አያድንም። መምህር በሰሌዳ ከሚሥለው ይልቅ በእጥፍ መጠን የተቆረጠ ትልቅ ናሙና ይዞ እያንዳንዱን ጣት አብሮ ቢያሳልፍ ይሻላል።

ስለ ዴንማርክ ገና የሚወራውስ? ወሬው መጨረሻ ላይ ነው ቦታው። ልጁ የእጁን ሁለት ጣቶች ሰዶ ልቡ አፉን ሲከፍት «ውስጡ ምን የሚቀመጥ ይመስልሃል?» ሲባል ያን ጊዜ ይሰማል። በዴንማርክ ቤተሰቦች ኪሱን በጣፋጭና በለውዝ ሞልተው ዛፉ ላይ እንደሚሰቅሉት፣ ታኅሣሥ 24 (በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር) ማታ እጅ ለእጅ ተያይዘው ዛፉን እየዞሩ እንደሚዘምሩ፣ ተረት ጸሐፊው ሀንስ ክርስቲያን አንደርሰን እ.ኤ.አ. በ1860 የሠራው የወረቀት ልብ እስከ ዛሬ ተጠብቆ እንዳለ ያን ጊዜ ይነገራል። ገናን የማያከብሩ ልጆች ባሉበት ክፍል «በዴንማርክ እንዲህ ያደርጋሉ» ማለት ይበቃል፤ «እኛ» የምትለው ቃል ናት ሰው የምታስቀይመው።

ማንጠልጠያው ከውስጥ በኩል በጠጣር ኮላ ይጣበቅ፤ ፈሳሹ ወረቀቱን ያጨማድዳል። ከመሞላቱ በፊት በደንብ ይድረቅ።