ባዶ ካች የዋጠው ዋጋ

በጃቫ የተጻፈ የአንድ ሱቅ የዕቃ መመዝገቢያ ፕሮግራም እንዳስተካክል ተሰጠኝ። ቅሬታው አንድ ነው፦ ከዋጋ ፋይሉ ሲገባ አንዳንዱ ዕቃ ዋጋው ዜሮ ሆኖ ይመጣል። ፕሮግራሙ አይቆምም፣ ኤረርም አያወጣም።

እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ የማደርገው ኮዱ ውስጥ ያሉትን ካቾች፣ ማለትም ስህተት ሲወረወር የሚይዙትን የኮድ ክፍሎች፣ በሙሉ መፈለግ ነው። አገኘሁት። ዋጋውን የሚያነበው መስመር ትራይ (ስህተት ሊፈጠርበት የሚችል ኮድ የሚቀመጥበት ክፍል) ውስጥ ነው፣ ካቹ ማንኛውንም ኤክሴፕሽን (ችግር ሲፈጠር የሚወረወር የስህተት ምልክት) ይይዛል፣ በቅንፎቹ መሃል ግን ምንም የለም። ስታክ ትሬሱን (ስህተቱ የት እንደተፈጠረ የሚያሳየውን ዝርዝር) እንዲያትም አደረግኩና ያንኑ ፋይል ደግሜ አስገባሁ። ወዲያው ነምበር ፎርማት ኤክሴፕሽን መጣ፣ አጠገቡም ማንበብ ያቃተው ጽሑፍ፦ "1,250"። ኮማዋ ናት! ጽሑፍን ወደ ሙሉ ቁጥር የሚቀይረው ፓርስ ኢንት ኮማ አይቀበልም፤ ኤክሴፕሽን ይወረውራል፣ ባዶው ካች ይውጠዋል፣ ዋጋው መጀመሪያ እንደተሰጠው 0 ሆኖ ይቀራል።

ኮማዋን ማንሳት ቀላል ነው። ዋናው ጥያቄ ግን ኤክሴፕሽኑን ማን ይያዘው የሚለው ነው። አንዲት ዋጋ የምታነብ ሜተድ (አንድ ሥራ ብቻ የምትሠራ የኮድ ክፍል) መስመሩ ይዘለል ወይስ ሥራው በሙሉ ይቁም ብላ መወሰን አትችልም፤ ያንን የሚያውቀው ፋይሉን የሚያስገባው ክፍል ነው። ስለዚህ ከታች ያለውን ካች ነምበር ፎርማት ኤክሴፕሽንን ብቻ እንዲይዝ አደረግኩት፣ የመስመሩን ቁጥር ጨምሮ በራሴ የኤክሴፕሽን ክላስ ጠቅልሎ ወደ ላይ ይወረውረዋል። የመጀመሪያውን ኤክሴፕሽን አዲሱን ለሚፈጥረው ኮንስትራክተር እንደ መንስኤ ማቀበል ግድ ነው፣ አለበለዚያ ስታክ ትሬሱ እኔ ከወረወርኩበት ይጀምርና ዋናው ምክንያት ይጠፋል። ላይኛው ክፍል የተበላሹትን መስመሮች ሰብስቦ ለባለሱቁ ያሳያል። ዜሮ ዋጋ ከመመዝገብ ይህ በብዙ ይሻላል።

ፋይሉ ጭራሽ ከሌለ ግን አይኦ ኤክሴፕሽን ይመጣል። ይህ ቼክድ ስለሆነ ካልያዛችሁት ወይም ስሮውስ ብላችሁ ካላሳወቃችሁ ኮዱን የሚተረጉመው ኮምፓይለር አያሳልፋችሁም። በእኔ እምነት አብዛኛው ባዶ ካች የሚወለደው እዚህ ነው፣ ኮምፓይለሩን ዝም ለማሰኘት። ስሮውስ ጻፉና አሳልፉት፣ አያሳፍርም።

ፋይሉን መዝጋቱን ከ2011ዱ ጃቫ 7 ጀምሮ ላለው ትራይ ዊዝ ሪሶርስስ ተውኩት፤ ኤክሴፕሽን ቢወረወርም ባይወረወርም ራሱ ይዘጋል። ድሮ በፋይናሊ (ስህተት ቢኖርም ባይኖርም መጨረሻ ላይ በሚሠራው ክፍል) ነበር። ፋይናሊ ውስጥ ሪተርን (ውጤት መልሶ ከሜተዱ የሚወጣ ትእዛዝ) የሚል ኮድ ካያችሁ ደግሞ አውጡት፦ ጃቫ እየወጣ የነበረውን ኤክሴፕሽን ጥሎ የሪተርኑን ውጤት ይመልሳል፣ ሎግ (የፕሮግራሙ መዝገብ) ላይ እንኳ አይታይም።