የጂሜይል ያለህ!

አፕ ሠርቼ ፕሌይ ስቶር ላይ አወጣሁ። የመጀመሪያዬ ነው። ስሙ «ዛሬ ጾም ነው?» ይባላል። ሥራውም ይኸው ነው፤ ስትከፍቱት ዛሬ ጾም መሆን አለመሆኑን ይነግራችኋል። ጾም ከሆነ የትኛው ጾም እንደሆነ ከሥሩ ይጽፋል። ማስታወቂያ የለውም፣ ኢንተርኔት አይፈልግም፣ አካውንት ክፈቱ አይልም። ወንድሜ አይቶት «ይኼን ለመሥራት ነው ያን ሁሉ ያመሸሽው?» አለኝ። አዎ፣ ይኼን ለመሥራት ነው።

ነገሩን ያመጣችው እህቴ ናት። ሻርጃ ሰው ቤት ትሠራለች። እዚያ ዓርብ የዕረፍት ቀን ነው። የቤቱ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ትልቁን ምሳ የሚበላው ዓርብ ነው፤ ሥጋውም ሩዙም እርጎውም በእሷ እጅ ያልፋል። ረቡዕና ዓርብን መቼም አትስትም። የሚያምታታት ሌላው ነው። ነነዌ መቼ ገባች? የሐዋርያት ጾም ዘንድሮ መቼ ይጀምራል? አሁን ሃምሳው ውስጥ ነን ወይስ ወጥተናል? ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የአገር ቤት ካላንደር እዚያ እጇ ላይ የለም። ስለዚህ በቴሌግራም ለእኔ ትጽፋለች። እኔ እማዬን እጠይቃለሁ፣ እማዬ ትነግረኛለች፣ እኔ መልሼ ለእህቴ እጽፋለሁ። እማዬ ለቅሶ ቤት ከዋለች ጥያቄው እስከ ማታ ይቆያል።

እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። የአንድሮይድ አፕ የሚጻፍበትን ቋንቋ፣ ኮትሊንን፣ የተማርኩት ከዩቲዩብ ነው፤ ከሥራ መልስ፣ መብራት ባለ ቀን። ደግነቱ ባሕረ ሐሳብ፣ የአጽዋማትና የበዓላት ቀን የሚወጣበት ቀመር፣ ለሒሳብ ሠራተኛ የሚመች ነገር ነው። ቤተ ክርስቲያን ቀመሩን ያወጣው የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ድሜጥሮስ ነው ትላለች፤ በ2ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ3ኛው መጀመሪያ የነበረ አባት ነው። ቀመሩን ስታዩት ግን ሰውየው ኮድ ይጽፍ ነበር ያሰኛል።

በ2018 እንየው። በ5500 ላይ 2018 ስትደምሩ 7518 ይመጣል፤ ዓመተ ዓለም ማለት ነው። ለ19 ስታካፍሉት 13 ይተርፋል። ከዚያ ላይ አንድ ስትቀንሱ 12፤ ወንበር ይኸው። ወንበርን በ19 አባዝታችሁ በሠላሳ በሠላሳ ስትገድፉት 18 ይቀራል፤ እሱ መጥቅዕ ነው። ከ14 ስለሚበልጥ በዓለ መጥቅዕ መስከረም ላይ ይውላል። መስከረም 18 ዘንድሮ እሑድ ነበር፣ የእሑድ ተውሳክ (የሚደመርላት ቁጥር) ደግሞ 7 ነው። 18 እና 7፣ 25። ነነዌ ጥር 25 ሰኞ ገባች። ከዚያ ወዲያ መደመር ብቻ ነው፦ 14 ቀን ጨምራችሁ ዐቢይ ጾም፣ 69 ጨምራችሁ ትንሣኤ፣ 119 ጨምራችሁ ጾመ ሐዋርያት። የካቲት 9፣ ሚያዝያ 4፣ ግንቦት 24። (ሊቃውንቱ የትንሣኤን ተውሳክ 9 ነው የሚሉት፤ ስልሳውን ገድፈው ነው።)

ይኼ ሁሉ ኮድ ላይ ጥቂት መስመር ነው። ቀን መቀየሩም አያስቸግርም፤ አንድሮይድ ከ7 ጀምሮ የእኛን ዘመን አቆጣጠር ራሱ ያውቃል። ጊዜ የወሰደው ልዩ ልዩው ነው። ገና በዘመነ ዮሐንስ ታኅሣሥ 28 ይውላል፣ በሌላው ዘመን 29። ገናና ጥምቀት ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውሉ ይበላል፤ ዘንድሮ ገና ረቡዕ ነበር። ከፋሲካ በኋላ ሃምሳ ቀን ረቡዕም ዓርብም የለም። የጽጌ ጾምን ምን ላድርገው? የፈቃድ ጾም ነው። በትልቁ «ጾም አይደለም» ብሎ ከሥሩ በትንሹ «የፈቃድ ጾም፦ ጽጌ» እንዲል አደረግኩት። ሰፈራችን ያሉት ዲያቆን አይተው ተስማሙበት።

ለዐቢይ ጾም መግቢያ ለማድረስ ነበር ሐሳቤ። እናም ወደ ሱቁ በር ሄድኩ።

የፕሌይ ስቶር መመዝገቢያ 25 ዶላር ነው፤ አንዴ ተከፍሎ ያበቃል። እዚህ ባንክ ጠይቄ የቀረበልኝ ቀድሞ ገንዘብ የሚሞላበት ካርድ ነው። የምዝገባው ደንብ እንዲህ ያለውን ካርድ አይቀበልም። እህቴ በራሷ ካርድ ከፈለች። ብሩን ልላክልሽ ስላት «ለእማዬ በርበሬ ግዢበት» አለችኝ። ዛላው ተቀንጥሶ፣ ተደልዞ፣ ተፈጭቶ አሁን ቤታችን አለ።

ከዚያ ፓስፖርት ፎቶ አንስቶ መላክ፣ እውነተኛ አንድሮይድ ስልክ እንዳለኝ ማረጋገጥ፣ ቅጽ መሙላት። ሕጋዊ ስሜና አገሬ አፑ ገጽ ላይ ለሁሉም ይታያል። እማዬ የአያቴን ስም እዚያ ስታይ እልል ልትል ምንም አልቀራት። የዕድሜ ደረጃ የሚያወጣው መጠይቅ ደግሞ አሳቀኝ። አፑ ውስጥ ደም ይታያል? ቁማር አለ? ራቁት ሰው? ስለ አደንዛዥ ዕፅ ይወራል? የጾም ካላንደር ነው እኮ! የለም፣ የለም፣ የለም እያልኩ ወረድኩ። የተጠቃሚ መረጃ ትሰበስቢያለሽ ወይ ለሚለውም የለም። ምንም ባትሰበስቡም ግን የግላዊነት ፖሊሲ ጽፋችሁ የሆነ ድረ ገጽ ላይ ማስቀመጥ ግዴታ ነው። የእኔ በአማርኛ ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው። ለአፑ ስም የሚፈቀደው 30 ፊደል፣ ለአጭር መግለጫው 80 ነው። እዚህ ላይ ፊደላችን ጠቅሞናል፤ በ80 ፊደል አማርኛ ብዙ ይባላል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ከኅዳር 2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ በግል ስም አዲስ አካውንት የከፈተ ሰው አፑን በቀጥታ አያወጣም። በመጀመሪያ ክሎዝድ ቴስቲንግ የሚባል ዝግ ሙከራ ያደርጋል። ደንቡ ሲወጣ 20 ሰው ይል ነበር፤ በታኅሣሥ 2024 እ.ኤ.አ. ወደ 12 ወረደ። 12 ሰዎች (ቴስተር ይባላሉ) በጂሜይላቸው ተመዝግበው፣ አፑን አውርደው፣ 14 ቀን ሳያቋርጡ መቆየት አለባቸው። ከነነዌ እስከ ዐቢይ ጾም ያለው ጊዜም 14 ቀን ነው። ይኼን ሳይ ለብቻዬ ሳቅኩ።

12 ሰው ምን አላት ትሉ ይሆናል። አዲስ አበባ ውስጥ 12 ጾመኛ ማግኘት ቀላል ነው። ጂሜይሉን የሚያውቅ ጾመኛ ግን ፈልጉልኝ!

የክርስትና እናቴ ዘንድ ሄድኩ። ቡና ላይ ነበሩ።

«ጂሜይልዎን ይንገሩኝ» አልኳቸው።

«የምን ሜል?»

«ስልኩ ላይ ያለው። ፕሌይ ስቶር የሚከፍተው።»

«እኔ ምን አውቄ ልጄ። ስልኩን የሸጠልኝ ልጅ ነው ሁሉንም የሞላው።»

ቴክኗቸውን ተቀብዬ ሴቲንግ ውስጥ ገባሁ። አለ፤ የአንድ የእንግሊዝ ቡድን ስም፣ ቀጥሎ የልጁ የሚመስል ስም፣ ከዚያ ዘጠና ዘጠኝ። ስልሳ ዓመት ያለፋቸው ሴት በአርሰናል ደጋፊ ጂሜይል ነው የሚኖሩት። ፓስወርዱን ማንም አያውቀውም። ለሙከራው ግን ፓስወርድ አያስፈልግም፣ ስልኩ ውስጥ ገብቶ የተቀመጠ አካውንት ይበቃል። ሊንኩን በቴሌግራም ላኩላቸው፣ ራሴው ተጫንኩት፣ ራሴው አወረድኩት። «በቃ አሁን ተቀጠርኩ?» አሉኝ።

እንዲህ ነው ሰው የሰበሰብኩት። አንዷ ጎረቤታችን አካውንቷ የባሏ ነው፤ ባሏም ከተመዘገቡት አንዱ ነበር፣ ስለዚህ ሁለቱ እንደ አንድ ተቆጠሩ። የቢሯችን ገንዘብ ያዥ ሦስት ጂሜይል አላት፣ የትኛው ስልኳ ላይ እንዳለ ለማወቅ ምሳ ሰዓታችን አለቀ። አንዱ የአክስቴ ልጅ በሳምንቱ ስልኩን ሸጠ። ከሻርጃ የእህቴ ጓደኞች ባይደርሱልኝ ነገሩ ፋሲካን ያልፍ ነበር። እነሱ ጂሜይላቸውን በቃል ያውቃሉ፤ አገር ቤት ያለ ሰው ጋር በቪዲዮ የሚገናኙበት ስልክ ስለሆነ እንደ ዓይናቸው ብሌን ነው የሚይዙት።

ከፋይናንስ ክፍል አንድ ሙስሊም የሥራ ባልደረባዬም ተመዘገበ። ሁለቱን ሳምንት ከሁሉም በላይ አፑን የከፈተው እሱ ሳይሆን አይቀርም። ጠዋት ሲያገኘኝ «ዛሬ ትበያለሽ፣ አይቻለሁ» ይለኛል። ዐቢይ ጾም በገባበት ሳምንት ረመዳንም ገባ፣ ካፍቴሪያው ባዶውን ቀረ። «የእኛንስ መቼ ትጨምሪበታለሽ?» አለኝ። የእኛ በስሌት ያልቃል፣ የእናንተ ጨረቃ ትታይ አትታይ ይጠብቃል ብዬ መለስኩለት። «እንግዲያው ጨረቃዋንም ቴስተር አድርጊያት» አለ።

ቴስተር በገንዘብ የሚያቀርቡ የቴሌግራም ቡድኖች አሉ። ትከፍላላችሁ፣ የማታውቋቸው ሰዎች አፑን ጭነው ሁለት ሳምንት ይቀመጣሉ። አንተ የእኔን ሞክር፣ እኔ የአንተን ልሞክር የሚባባሉበትም አለ። የጨነቀው ሰው ቢጠቀምበት አልፈርድም። እኔ ግን አልፈለግኩትም፤ ጾሞ የማያውቅ ሰው ይኼን አፕ ከፍቶ ምን ሊለኝ ይችላል?

ለምሳሌ የክርስትና እናቴ ያሉኝን ሊለኝ አይችልም። አንድ ማታ ደወሉ።

«ይኼ ነገርሽ ዛሬ ጾም አይደለም ይለኛል።»

«አዎ፣ ማክሰኞ ነው።»

«ማክሰኞው እኮ አለቀ። እራቴን በልቻለሁ። አሁን እኔ የምፈልገው የነገውን ነው። ሽሮ ላቁላላ ወይስ ሥጋውን ከፍሪጅ ላውጣ? ለልጆቹ ምሳ ዕቃ ምን ልቋጥር?»

እውነታቸውን ነው። ወጥ የሚሠራ ሰው የሚጠይቀው ማታ ነው፣ የሚጠይቀውም ስለ ነገ ነው። አሁን አፑ ከማታው 12 ሰዓት በኋላ ሲከፈት ከዛሬው መልስ ከፍ ብሎ የነገውን በትልቁ ያሳያል። ከሁሉም የወደድኩት የአፑ ክፍል ይኼ ነው።

ከሻርጃዎቹ አንዷ «ዓሣ ይበላል ወይ? እሱንም ይጻፍልን» አለች። ይኼን አልነካሁም። በዓሣ ጉዳይ እዚሁ ቤታችን ውስጥ እንኳን ሁለት ወገን አለ። የንስሐ አባትሽን ጠይቂ አልኳት። አፕ ቀን ይቁጠር፣ ሌላው የእሱ ሥራ አይደለም።

14ቱ ቀን ሲያልቅ እንደገና ማመልከቻ ይሞላል። ቴስተሮቹን ከየት አገኘሻቸው፣ ምን አሉሽ፣ በምን አስተካከልሽ ይላል። የሽሮውንና የሥጋውን ወሬ በእንግሊዝኛ ቁጭ አደረግኩት። የሚያነበው ሰው ምን እንዳለ እግዜር ይወቀው። ፈቃዱ መጣ፣ አፑም ለሕዝብ የወጣው በምኩራብ፣ በዐቢይ ጾም ሦስተኛው ሳምንት ነው። ለመግቢያው አልደረሰም። ቢሆንም ገና ብዙ ጾም ከፊታችን ነበር።

በወጣ በማግስቱ ለዘመድ አዝማድ ሊንኩን በተንኩ። ከተመለሰልኝ መልስ አብዛኛው «ፋይሉን በቴሌግራም ላኪልኝ፣ ፕሌይ ስቶር ፓኬጅ ይበላል» የሚል ነበር። ያን ሁሉ ቅጽ ሞልቼ! አፑ አንድ ፎቶ የሚያህል መጠን እንኳን የለውም ብዬ ለማስረዳት ሞከርኩ፤ የሰማኝ የለም። ላክሁላቸው። ለሰው ስትልኩ ግን አንድ ነገር እወቁ፦ በፋይል የጫነው ሰው አዲሱ ማሻሻያ በራሱ ላይደርሰው ይችላል። ማሻሻያ ደግሞ አለ። ከማላውቀው ሰው የመጣው የመጀመሪያው አስተያየት አራት ኮከብ ሰጥቶ «ቁጥሩ በግእዝ ይሁንልን» ይላል። እየሠራሁት ነው፤ የሚፈልግ በግእዝ፣ የማይፈልግ እንደነበረው።

ለአይፎንስ የምትሉኝ አላችሁ። የአፕል ምዝገባ 99 ዶላር ነው፣ እሱም እንደ ቤት ኪራይ በየዓመቱ ይመጣል። በነጻ ለሚሰጥ አፕ ይኼን አልከፍልም። አይፎን ለያዛችሁ የ2019ን አጽዋማት በአንድ ገጽ ፒዲኤፍ አዘጋጃለሁ። እስከዚያው ዋና ዋናውን ልንገራችሁ፦ ነነዌ የካቲት 15፣ ዐቢይ ጾም የካቲት 29፣ ፋሲካ ሚያዝያ 24። ስክሪንሾት አንሡት።