የተቋረጠው ዘፈን

ደሴ ውስጥ በምሠራበት የሬዲዮ ጣቢያ አንድ ባልደረባችን የአሜሪካዊውን ዘፋኝና ገጣሚ የቦብ ዲላንን ልደት ምክንያት አድርጎ ግንቦት 16 ቀን የሙዚቃ ዝግጅት አሰናዳ። በ1941 እ.ኤ.አ. መወለዱ፣ በ2016 በሥነ ጽሑፍ የኖቤል ሽልማት ማግኘቱ በአጭሩ ተነበበና ዘፈኑ ገባ። ብዙም ሳይቆይ ስልኩ ጮኸ፤ አለቃችን ናቸው።

«የተሳሳተ ዘፈን ነው የለቀቃችሁት! አቋርጡት!»

ቴክኒሺያኑ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ማስታወቂያ አስገባ።

ዘፈኑስ ትክክለኛው ነበር። ጥፋቱ የመድረክ ቅጂ መሆኑ በመዝገቡ ላይ አለመጻፉ ነው። ዲላን መድረክ ላይ የገዛ ዘፈኑን ፍጥነት ይለውጣል፣ ዜማውን ያጣምማል፣ አንዳንዴ ስንኙንም ይቀይራል። በ1965 እ.ኤ.አ. ኒውፖርት በተባለው የአሜሪካ የሕዝብ ሙዚቃ ፌስቲቫል ላይ ኤሌክትሪክ ጊታር ይዞ ሲወጣም፣ የእንጨት ጊታሩን ከለመደው ታዳሚ ያጉረመረመበት፣ የጮኸበት ብዙ ነው። አለቃችን የጠበቁት በወጣትነታቸው በካሴት የለመዱትን ነበር፤ አይፈረድባቸውም።

የቀጣዩ ዝግጅት እንግዳ አንድ አዛውንት ማሲንቆ ተጫዋች ነበሩ። የደጋናቸውን ጭራ በዕጣን እያሹ ክርክራችንን ሲያዳምጡ ቆዩና፣

«ልጆቼ፣ አምባሰልን ትናንት እንዳልኩት ዛሬ ብደግመው ማን ይሸልመኛል?» አሉ።

ሳቅን፤ ባልደረባችን ግን ብዕሩን አነሣ። እውነት ነው፤ አምባሰልም ሆነ ባቲ ቅኝቱ የሁሉ ነው፣ ስንኙ የባለ ተራው። ዲላንም በ1963 እ.ኤ.አ. ስሙን ያስጠራውን ዘፈን ዜማ የተዋሰው ከባርነት ዘመን የጥቁር አሜሪካውያን መዝሙር ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ሰውየው እስከ ዛሬ የሚደመጠው ለድምፁ ማማር አይደለም፤ ድምፁማ ሻካራ ነው። ዘፈኑን እንዳለቀ ሥራ ቆልፎ አለማስቀመጡ ነው ደጋግሞ የሚያስደምጠው። የሚያውቁትን ዘፈን እየሰሙ ቀጥሎ የሚመጣውን አለማወቅ ደስ ይላል።

አዛውንቱ አለቃችን ፊት ያንኑ የአምባሰል ዜማ ሁለት ጊዜ ተጫወቱ። ሁለተኛው ላይ አዝማቹን አዘግይተው፣ የአለቃችንን ስም ስንኙ ውስጥ ጣል አደረጉበት። አለቃችን ኪሳቸውን ዳበሱ፤ ሸለሙም።

በሳምንቱ የስቱዲዮውና የመድረኩ ቅጂ ተከታትለው ተላለፉ። የሙዚቃ መመዝገቢያ ቅጹም ላይ «ስቱዲዮ ወይስ መድረክ? በስንት ዓመተ ምሕረት?» የሚል መስመር ተጨመረ። አለቃችን አሁንም የካሴቱን ይመርጣሉ፤ ለማቋረጥ ግን አይደውሉም።