ጋሼ እና እንቁላሉ

ፋሲካን የዋልነው ቱሉ ዲምቱ፣ አክስቴ ጋ ነው። ምሳ ተበልቶ ቡና እየተቆላ፣ ዞር ስል ጋሼ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ቁጭ እንዳሉ! የዶሮው እንቁላል ግማሹ በሁለት ጣታቸው መሃል ነው። አስኳሉ ይታያል፣ ወጡ በነጩ ጋቢ ላይ ጠብ ብሏል፣ እሳቸው ያንኮራፋሉ። ከእጃቸው ሊወስድ የደፈረ የለም።

"ደሙ ሁሉ ወደ ሆድ ወርዶ እኮ ነው" አለች አክስቴ። ስንሰማው ያደግነው ነው። ግን አንጎል የደም ድርሻውን እንዲህ በዋዛ አይለቅም። ሆድ ሲሞላ አንጀት "በቃ ጠግበሃል፣ እረፍ" የሚሉ ሆርሞኖች ይለቃል። ኦሬክሲን የሚባል ንቁ የሚያደርገን ኬሚካልም አለ። ስኳር ከፍ ሲል እሱን የሚያመነጩት የአንጎል ሴሎች ሥራ እንደሚቀንሱ በአይጦች ላይ ታይቷል። 8 ሰዓት ገደማ ደግሞ ሰውነት ባይበላም ይፈዛል።

የጋሼ ግን ከሁሉም ይብሳል። ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን ቆመው ነው ያደሩት። 55 ቀን ቅቤ ያላየ ሆድ በሌሊት ዶሮ ወረደበት፣ ጠዋት ጥብስ፣ ምሳ ላይ እንደገና ዶሮ። የጠጁን ብርሌ እንኳ አልቆጠርኩም (የራሴንም ጭምር)።

ቡናው ሲቀዳ አክስቴ "ኧረ ገባ ብለው ጋደም ይበሉ" አለቻቸው። ብንን አሉ።

"ማን ተኛ? ዓይኔን ላሳርፍ ብዬ ነው እንጂ!"

እንቁላሏን ጎረሷት።